የማርቆስ ግራ እጅ

ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አልነገርኩም፣ ለጸሎት ተንበርክኬ እንኳ አጠገቡ ስደርስ ዞሬው አልፋለሁ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ የንስሐ አባት አላቸው፤ ጥፋታቸውን ይዘው ሄደው ለአንድ ሰው ይናገራሉ። እኛ ጴንጤዎቹ «በቀጥታ ለጌታ» እንላለን። ለጌታ መናገር ደግሞ፣ እውነቱን ላውራና፣ ፊቱን ስለማታየው ይቀላል። ስለዚህ አንተ የምታነበኝ ሰው፣ ሳላስፈቅድህ የንስሐ አባቴ አድርጌሃለሁ። ታገሠኝ።

ነገሩ ስለ ማርቆስ ግራ እጅ ነው። ሦስቱ ጣቶቹ አይታጠፉም፤ አውራ ጣቱም ጠሞ ቀርቷል። ጆሃንስበርግ ያለ የእኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ ይህ እጅ እንዴት እንደተሰበረ ያውቃል፤ ብትጠይቀው ይነግርሃል። የሚነግርህ ግን እውነት አይደለም። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አውቄ ዝም ብያለሁ።

ደሳለኝ እባላለሁ። ፎርድስበርግ ገበያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ እጠግናለሁ። ባሕር በሌለው ከተማ የባሕር ዕቃ ጠጋኝ ነኝ ስል ሰው ይስቃል። ግን እዚህ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሰው ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ዘንጉን ባኪው ላይ ይጭናል፣ ባኪ የምንለው ፒክአፑን ነው፤ ስድስት ሰባት ሰዓት ነድቶ ደርባን አካባቢ ማዕበሉ ዳር ሲቆም ሰንብቶ እሑድ ማታ ይመለሳል። ዕቃው ጨውና አሸዋ ጠጥቶ ነው የሚመጣው፤ እሱን አጥቦና ቀብቶ መመለስ የእኔ እንጀራ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ የሱቁ ባለቤት አንክል ረሺድ ናቸው፣ የሕንድ ዘር ያላቸው ቁጡ ሽማግሌ። ስምንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። አንድ ብሎን ሳጠፋ የሚያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

ማርቆስ የአገሬ ልጅ ነው፤ ዱራሜ አጠገብ በአንድ ቀበሌ ነው ያደግነው። እኔ በየብስ አራት አገር አቋርጬ፣ ተገርፌና ተርቤ እዚህ ስገባ የተቀበለኝ እሱ ነው። አልጋውን ለእኔ ለቆ ሁለት ወር መሬት ላይ ተኝቷል። ሥራው ስፌት ነበር። ቮስሎሩስ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ የዙሉ እናቶች ለቤተ ክርስቲያናቸው የሚለብሱትን ዩኒፎርም ነበር የሚሰፋው፤ ነጩን ኮሌታ በእጅ መርፌ ነበር የሚይዘው፣ በማሽን አይደለም። ማማዎቹ ከሌላ ሰፈር ድረስ ታክሲ ተሳፍረው እሱ ዘንድ ይመጡ ነበር። «የማርቆስ ኮሌታ አይጨማደድም» ይባል ነበር፤ እውነትም አይጨማደድም።

ባሕሩን ያሳየው የአንዲቱ ማማ ባል ነው፣ ጡረታ የወጣ ሰውዬ። አንድ ቅዳሜ ይዞት ሄደ። ማርቆስ ሲመለስ ሱቄ ድረስ መጣና ቆሞ ያወራኝን አልረሳውም።

«ደሳለኝ፣ እዚያ ስቆም ከኋላዬ ማንም የለም። ከፊቴ ውኃ ብቻ ነው። በር በር ሳላይ ከቆምኩ ስንት ዓመቴ ነው?»

ሁለት ጊዜ የተዘረፈ ሰው ነው፤ አንዴ ሽጉጥ ግንባሩ ላይ ተደርጎ። እየሰፋም፣ እየበላም፣ ከልጁ ጋር እየተጫወተም ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቱ ፈታ ብሎ የድሮውን ማርቆስ አየሁት። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ደስ አለኝ።

ሪል የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ኩራቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሪል ማለት ዘንጉ ላይ የሚታሰር፣ እጀታውን ስታዞር ክሩን የሚጠቀልል ማሽን ነው። ማርቆስ የሚያብረቀርቅ አንድ አየ፤ ካርቶኑ ላይ ብዙ ኩሽኔታ እንዳለው በትልቁ ተጽፏል። ተወው አልኩት። ለባሕር ዳርቻ ኩሽኔታ ሲበዛ ዝገት የሚገባበት ቦታ ይበዛል። ሰውነቱ ፕላስቲክ ያልሆነውን፣ መጋጠሚያው ላይ ውኃ የሚከለክል ጎማ ያለውን፣ ውስጡ ያለው ጥርስ ወፍራም የሆነውን፣ በእጅህ ስትይዘው ከበድ የሚልህን ውሰድ አልኩት። ፍሬኑንም አሳየሁት፤ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩን በልክ እየያዘ የሚለቀውን ማለቴ ነው። ክሩን በእጄ ስቤ ሳይንገጫገጭ ሲለቅ አሰማሁት። ሱቅ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያዳምጡኝ ጀመር። ፕሮፌሰር ሆንኩልህ።

አያያዙንም አስተማርኩት። ከባሕር ስትወጣ ፍሬኑን አጥብቀው፣ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ቀስ ብለህ አርከፍክፈው፤ በቧንቧ ግፊት አትምታው፣ ጨውን ወደ ውስጥ ትነዳዋለህ። ባልዲ ውስጥም አትድፈቀው። በጨርቅ አድርቀህ ፍሬኑን አላልተህ አስቀምጠው፣ በዓመት አንዴ ደግሞ አምጣልኝ፣ ሆዱን ከፍቼ አየዋለሁ። አንድም ቃል አላጓደለም። አስቴር ሚስቱ እንደነገረችኝ ከሆነ ልጁን ካጠበ በኋላ ሪሉን ያጥብ ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ አመጣልኝ። ለወንድም በነፃ ነው የምሠራው። በነፃ የሚሠራ ሥራ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ከሥር ይገባል። የሌላው ይቅደም፣ ማርቆስ ወንድሜ ነው፣ አይቆጣም። በደወለ ቁጥር «አልቋል፣ ና ውሰደው» እለው ነበር። የእኛ አገር ባለሙያ ይህን ውሸት እንደ ሰላምታ ነው የሚጠቀምበት፤ ጫማ ሰፊውም፣ አናጢውም፣ እኔም። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አልቋል» አልኩ። ሪሉ ከጠረጴዛዬ ሥር በፌስታል ውስጥ፣ ብሎኑ እንኳ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር።

አንድ ዓርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። ዛሬ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፣ አራት ሆነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቄ በር ላይ ይቆማሉ። አንክል ረሺድ ጁምዓ ሰግደው ቤታቸው ገብተዋል፤ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ፌስታሉን አወጣሁ፣ ካቻቢቴ አነሣሁ፣ ከፈትኩት። እንደጠበቅኩት ንጹሕ ነበር፤ ምን ያድርግ፣ እንደ ነገርኩት ይዞታል። አሮጌውን ቅባት አጥቤ አዲስ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረኝ። ከቸኮልኩ እደርሳለሁ አልኩ።

ሪል ውስጥ እጀታው ወደ ፊት ብቻ እንዲዞር፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ አንድ ኩሽኔታ አለ። ጥቃቅን ብረቶች አሉት፤ እያንዳንዷን ብረት የምትገፋ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሞላ አለች። መንካት አልነበረብኝም። በደንብ የሠራሁት እንዲመስል ብዬ ነካሁት። አንዷ ሞላ ከጣቴ ዘላ ሄደች። ስትዘል አይቻለሁ፤ የት እንደወደቀች ግን አላየሁም።

መሬት ላይ ተንበርክኬ ፈለግኳት። በማግኔት ጠረግኩ፣ በስልኬ መብራት ፈለግኩ፣ መጥረጊያውን አራገፍኩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ መልቀምም አልቻልኩም።

አሁን ስማኝ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ስሕተት አይደለም። ሞላዋ መጥፋቷ ስሕተት ነው፤ ማንም እጁ ይስታል። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ግን አውቄ ነው የሠራሁት። አንክል ረሺድ ጋ መደወል እችል ነበር፤ ምናልባት መሳቢያቸው ውስጥ መለዋወጫ ነበራቸው። አልደወልኩም። የራሴ ሪል ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ከማርቆስ ሪል የሚበልጥ እንጂ የማያንስ። «የአንተ ገና ነው፣ ለዛሬ ይህን ያዝ» ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር። ያችን ለማለት ግን «አልቋል» ያልኩት ውሸት ነበር ማለት ነበረብኝ። ለዚያች ለአንዲት ቀላል ውሸት ስል ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት። ከዚህ የከበደ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ የለኝም።

ምን አደረግኩ? ግራሶ ጠቀጠቅኩበት። አንክል ረሺድ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሩኝ ነገር እዚህ ቦታ ላይ ግራሶ እንደማይነካ ነው፤ ቀጭን ዘይት አንድ ጠብታ ብቻ፣ አለዚያ ብረቶቹ ይጣበቁና መያዝ ያቅታቸዋል። አውቀዋለሁ። ግን ወፍራሙ ግራሶ ሞላ ያጣችውን ብረት እንዳትንኳኳ ደግፎ ያዘልኝ። ገጠምኩት። እጀታውን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ያዘ። ደገምኩት፣ ያዘ። በሰባተኛው ተንሸራተተ። በመዳፌ ተሰማኝ፣ ትንሽ፣ ሩብ ዙር እንኳ አትሞላም። ቀጥ አልኩ። ስምንተኛውን ሞከርኩ፣ ያዘ። ዘጠነኛውን አልሞከርኩም፤ የባኪው ጥሩምባ ውጭ ይጮህ ነበር።

ማርቆስ እየሳቀ ገባ። ሪሉን ተቀብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ አዞረውና ጠበቅ ያለ እንደመሰለው ነገረኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ቅባቱ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራ ይለቃል አልኩት። ያን ጊዜ እንኳ ግድግዳው ላይ ያለው ሪል ክንዴን ብዘረጋ የሚደረስበት ነበር።

«እጅህ ይባረክ» አለኝና ወጣ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም፤ ተኝቻለሁ። ቅዳሜ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን ሳነሣና ሳስቀምጥ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ደወልኩለት። የማዕበሉ ድምፅ በስልኩ ይሰማል። ምን ልለው ነው የደወልኩት? «አውጣው፣ አትጠቀምበት» ልለው ነበር። ሲያነሣ ስለ አየሩ ጠየቅኩት። ነፋስ አለ፣ ግን ደስ ይላል አለኝ። በል ጌታ ይርዳህ ብዬ ዘጋሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እጁ ደህና ነበር። በዚያ ስልክ ላይ ላተርፈው እችል ነበር፤ እኔ ስለ ነፋስ ጠየቅኩት።

እሑድ ጠዋት አምልኮ ላይ ነበርን። አስቴር ሁለት ወንበር ከፊቴ ተቀምጣ ነበር። ስልኳን አየች፣ ተነሥታ ወጣች፣ ከውጭ ጩኸቷ ተሰማ። ትልቅ ዓሣ ይዞ ነበር፤ ሻርክ ነው ይላሉ፣ ማንም አላየውም። ዓሣው ሲወረወር እጀታው ለቀቀና ወደ ኋላ ተሽከረከረ፣ ግራ እጁን መታው። ማርቆስ ሊያስቆመው መልሶ ያዘው፤ ደግሞ መታው። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ፣ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ዳቦና ጭማቂ ይዘን ልንጠይቀው ሄድን። አብረውን ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለስለስ ባለ ድምፅ በአምልኮ ቀን ለምን ባሕር ላይ እንደተገኘ ራሱን እንዲጠይቅ ነገረው። እግዚአብሔር የሚወደውን ይገሥጻል አለ። ማርቆስ ኮርኒሱን እያየ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እውነቱ ከእኔ ጋር እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አፌን አልከፈትኩም።

ሪሉን በፎጣ ጠቅልሎ ላከልኝ፣ በረከት የለውም፣ ላየው አልፈልግም ብሎ። ከፈትኩት። ግራሶው እንዳለ ነው፤ ሞላዋ የጎደለችበት ቦታ ባዶውን ነው። አጠብኩት። አዲስ ኩሽኔታ አስገብቼ አስተካክዬ ገጥሜ ለአንድ ገበሬ ሸጥኩት። ሰውዬው በዓመቱ ተመልሶ ከዚህ የሚሻል ሪል ይዤ አላውቅም ብሎ አመሰገነኝ። ገንዘቡን ለአስቴር በሥጦታ መልክ ሰጠሁ፤ እሷም መረቀችኝ። እንግዲህ ይህንንም ጨምርበት።

የሚብሰው ግን ይህ አይደለም።

ከወራት በኋላ በአንድ እሑድ የምስክርነት ሰዓት ላይ ማርቆስ ማይክሮፎኑን ያዘ። የማይታጠፉ ጣቶቹን ወደ ላይ አንሥቶ ለጉባኤው አሳየ። ቤቱን ትቼ ወደ ባሕር ስሸሽ ጌታ እጄን መታ፣ ነፍሴን ግን መለሰ አለ። ዳግመኛ ባሕር አልሄድም አለ። ቀጥሎ ስሜን ጠራ። ወንድም ደሳለኝ ጥፋት የለበትም፣ ዕቃውን በነፃ፣ በፍቅር ነው የሠራልኝ፣ ማንም እሱን እንዳይጠረጥር አለ። ሰው ዞሮ አየኝ፣ አንዳንዱ አጨበጨበ። ጉባኤው «አሜን» አለ። እኔም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ድምፄን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ወንድሜን መስበሬ አንሶኝ፣ የሰበርኩትን በእግዚአብሔር አመካኝቼ አሜን አልኩበት። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አንድ እጁ የማይሠራ ሰው ኮሌታ አይሰፋም። የስፌት መኪናው ተሸጠ። ማርቆስ አሁን ቴምቢሳ በሚባል ሌላ ሰፈር በሰው ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው፣ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ሲጋራ ያቀብላል፣ ቀኑን ሙሉ በሩን እያየ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉን ልነግረው ቆርጬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን አዘጋጀሁ። ፌቨን ልጁ እዚያ ነበረች፤ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከአባቷ ጎን ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራለች። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለፋሲካ ዕረፍት ወደ ባሕር ሊሄዱ ነው፤ እሷ አልሄድም ብላለች። ማርቆስ ባሕር ትፈራለች አለኝ።

«ባሕር አልፈራም» አለች ከደብተሯ ቀና ሳትል። «እግዚአብሔርን ነው።» ከዚያ እኔን አየችኝ። «አጎቴ፣ እግዚአብሔር የአባዬን እጅ ሲሰብር አባዬ ሲያለቅስ ይሰማው ነበር?»

ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋ።

«የሰበረው እግዚአብሔር አይደለም፣ ፌቪ» አልኳት።

«ታዲያ ማን ነው?»

ማርቆስ ለደንበኛ ዳቦ ሊያቀብል ዘርግቶት የነበረውን እጁን መለሰና ወደ እኔ ዞረ። ሁለቱም ያዩኛል። ከዚህ የተሻለ በር ከየት ይመጣልኛል?

«ዕቃው ነው» አልኩ። «ዕቃ አንዳንዴ ይበላሻል።»

ማርቆስ ፈገግ አለ። በፍርግርጉ መሐል ደህነኛውን እጁን አውጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«እኔን ለማጽናናት ብለህ ልጅቷን አትዋሻት። ዕቃው ደህና ነበር፤ አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

አንድ ዳቦ ገዝቼ ወጣሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም፣ ማርቆስንም ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ራሴን አላታልልም። ማርቆስን አውቀዋለሁ፤ ነገሬን ሳልጨርስ ይቅር ይለኛል፣ ምናልባት አብሮኝ ያለቅሳል፣ እኔም ቀሎኝ እወጣለሁ። ያ ይቅርታ ለእኔ ይሆናል። ለልጅቷ ግን ምን ያደርግላታል? እሷ ይቅርታ አልለመነችኝም፣ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ቸኩዬ ነበር አልልም፣ ሞላዋ ጠፋችብኝ አልልም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልልም። ፊት ለፊቷ ቆሜ ያልመለስኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ነገ ፈርቼ እንደማልክድ ግን ራሴን አላምነውም።

ፌቨን፣ እግዚአብሔር አይደለም። የአባትሽን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ አጎትሽ ደሳለኝ።